«ፍጥነት ቢቀንሱ ኖሮ» ለሚሉ፦ የቦይንግ ጉዳይ በዚህ ይዘጋል?

ሃንጋር ሁለት፦
ቴክሳስ ያለው ዳኛ በፈረንጆቹ ኅዳር 2025 በ737 ማክስ አደጋዎች የተነሳ በቦይንግ ላይ የቀረበውን የወንጀል ክስ ከዘጋው ወዲህ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ነገር ሲደጋገም አያለሁ። «ጉዳዩ አልቋል፤ ደግሞም የኢቲ 302 አብራሪዎች ፍጥነት ቢቀንሱ ኖሮ ይተርፉ ነበር» ይባላል። ኢቲ 302 መጋቢት 2019 ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የአየር መንገዳችን 737 ማክስ ነው። የሚያናድደኝ ይህን የሚሉት አውሮፕላኑን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ157 ሰው ሞት ላይ በአንድ መስመር አይፈረድም። ከቦሌ በተነሱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የግራው አንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር (አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው) 74.5 ዲግሪ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ የቀኙ 15.3 ነበር። ኤምካስ፣ ማለትም አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚያወርደው ሶፍትዌር፣ ያኔ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለት ሴንሰር የተገጠመለት አውሮፕላን አንዱን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት እንዲደፋ የወሰነው ማን ነው? አብራሪው አይደለም።

ናቪጌተር፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። የቦይንግን ጥፋት ማንም አልካደም። ግን ስቲክ ሼከር (መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ማስጠንቀቂያ) ሲነሳና የግራና የቀኝ የፍጥነት ንባብ ሲለያይ ሜሞሪ አይተሙ (በቃል የሚያዘው የአደጋ ጊዜ እርምጃ) ይታወቃል። አውቶፓይለት ይጠፋል፣ አውቶስሮትል (የሞተር ኃይሉን በራሱ የሚያስተካክለው) ይጠፋል፣ ፍላይት ዳይሬክተር (ወዴት መምራት እንዳለብህ የሚጠቁመው ማሳያ) ይጠፋል። ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) ወጥቶ ከሆነ አፍንጫ 10 ዲግሪ፣ ሞተር 80 በመቶ፤ ፍላፕ ገብቶ ከሆነ 4 ዲግሪና 75 በመቶ። ሞተሩ ግን እስከ መጨረሻው 94 በመቶ ላይ ነበር። ፍጥነቱ ከተፈቀደው 340 ኖት አለፈ። ከዚያ በኋላ የትሪሙን ጎማ (የጅራቱን አግድም ክንፍ፣ ስታቢላይዘሩን፣ የሚያዘነብለውን) በእጅ ማዞር የማይሞከር ሆነ። የእኛ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በ2022 መጨረሻ የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ የአሜሪካው የአደጋ መርማሪ ኤን.ቲ.ኤስ.ቢ «የበረራ ቡድኑ አሠራር በበቂ አልታየም» የሚል አስተያየት ለብቻው ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንጦጦ ንፋስ፦
እሺ፣ «ፍጥነት ቢቀንሱ ኖሮ» እንበል። መቼ ነው የሚቀንሱት? ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ እነሱ ገና ከመሬት አልራቁም። የካፒቴኑ መሪ እየተንቀጠቀጠ «ሊወድቅብህ ነው» ይለዋል። በዚያ ሰዓት ሞተር መቀነስ የሰለጠነበት ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሌላም አለ። ኤምካስ የሚነቃው አውቶፓይለት ሲጠፋና ፍላፕ ሲገባ ነው። አንተ የጠቀስከው ቼክሊስት አውቶፓይለቱን አጥፋ ይላል፤ ያኔ ለማክስ ለብቻው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ግን አልነበረበትም።

ሃንጋር ሁለት፦
ስለ ትሪሙ ጎማ ካነሳህ ስለ ማጥፊያዎቹም እናውራ። ስሮትሉ አጠገብ ሁለት የስታቢላይዘር ትሪም ማጥፊያዎች አሉ። ከማክስ በፊት በነበረው 737 ኤንጂ ላይ የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው፦ አንዱ አውቶማቲኩን ብቻ ይቆርጣል፣ ሌላው የአብራሪውን የኤሌክትሪክ ትሪም። ስለዚህ አውቶማቲኩን ገድለህ በአውራ ጣትህ ትሪም ማድረግ ትችላለህ። በማክስ ላይ ስማቸውም ሽቦአቸውም ተለወጠ፤ የትኛውንም ብታጠፋ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይሄዳል። የቀረህ የእጅ ጎማ ብቻ ነው።

አሁን የመረጃ ሳጥኑን ተከተል። የመጀመሪያው ኤምካስ ስታቢላይዘሩን ከ4.6 ዩኒት ወደ 2.1 አወረደው (ቁጥሩ ሲያንስ አፍንጫ ወደ ታች ነው)። ሁለተኛው እስከ 0.4። ካፒቴኑ ወደ 2.3 መለሰውና ማጥፊያዎቹ ተቆረጡ። ረዳቱ ጎማውን በእጅ ሞክሮ አይሠራም አለ፤ ምክንያቱም መሪው እየተጎተተ ኤሌቬተሩ (የስታቢላይዘሩ ተንቀሳቃሽ ጫፍ) ወደ ላይ ሲገፋ ስታቢላይዘሩን በሚያንቀሳቅሰው ብሎን (ጃክስክሩ) ላይ የሚመጣው ጫና ከሰው ጉልበት በላይ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩን መለሱት፣ ሁለት አጭር ትሪም ሰጡ፤ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ኤምካስ ተነስቶ ከ2.3 ወደ 1.0 ገፋው። ወደ መሬት ያወረዳቸው ይኸኛው ነው።

ናቪጌተር፦
እሱን ራሱን ነው የምለው። 2.3 ላይ መቁረጥ አልነበረባቸውም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው ሌላው ማክስ፣ ከላየን ኤር 610፣ በኋላ በኅዳር 2018 የመጣው የአሜሪካው አቪዬሽን ተቆጣጣሪ የኤፍ.ኤ.ኤ. አስቸኳይ ትዕዛዝ፣ ማጥፊያዎቹን ከመቁረጥ በፊት በኤሌክትሪክ ትሪም የመሪውን ጫና ማቃለል እንደሚቻል ይናገራል። አየር መንገዱም ደርሶታል።

የእንጦጦ ንፋስ፦
ይናገራል፤ ግን ከእርምጃዎቹ በታች ባለ ማስታወሻ ላይ ነው። የእርምጃዎቹ አካል አይደለም። ኤምካስ የሚለው ስም በትዕዛዙ ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ ሲነሳ 2.5 ዲግሪ እንደሚያንቀሳቅስ አልተጻፈም። ለደኅንነት ምዘና መጀመሪያ የቀረበው 0.6 እንደነበርም የታወቀው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

ቀና መንገድ፦
ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ የበረረ ልጅ መሆኑን ለምን አታነሱም? አሜሪካ ቢሆን በአብዛኛው 1,500 ሳይሞላ የመንገደኛ ጄት አይነካም።

ሃንጋር ሁለት፦
«ልጅ» የምትለው «ስታብ ትሪም ከትአውት» ብሎ ሁለት ጊዜ የጠራው ነው። ካፒቴኑ ተስማማ፣ ተቆረጠ። ትክክለኛውን ነገር ለይቶ የጠራ ሰው ነው፤ ስሙን በሰዓት ብዛት አታጉድፍ። ካፒቴኑ ደግሞ 8,122 ሰዓት ነበረው።

ቀና መንገድ፦
ስሙን አላጎደፍኩም ወንድሜ፣ ስለ አሠራር ነው የጠየቅሁት። የእኛ አየር መንገድ ሲነካ ሁላችሁም ትቆጣላችሁ።

ሬንተን፦
ክርክራችሁ ኮክፒት ውስጥ ቀረ። ማክስ በቆመበት 20 ወር ቦይንግ ተለውጧል የሚል ካለ፣ ጥር 2024 ከፖርትላንድ የተነሳውን፣ የማይሠራበት በር መድፈኛው አየር ላይ ተገንጥሎ የወጣበትን የአላስካ አየር መንገድ በረራ 1282ን ይይ። የበሩ መድፈኛ በ12 መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ላይ ተንሸራቶ ከመደገፊያዎቹ እንዳይወጣ የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። አራቱም አልነበሩም። የቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ውስጥ የተበላሹ አምስት ሪቬቶችን ለማስተካከል ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ መከፈቱ ግን በሥራ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ያልተመዘገበ ሥራ ደግሞ ተቆጣጣሪ አይጠራም። አንድን ሠራተኛ ከመውቀሳችሁ በፊት፣ መስመሩ እንዳይቆም እያለ ከኋላ የሚገፋው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ኤፍ.ኤ.ኤ. እስከ ጥቅምት 2025 ድረስ የማክስን ምርት በወር 38 ላይ ገድቦ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ገበያ፦
እንግዲያው የእኛው አየር መንገድ በኅዳር 2023 ዱባይ ላይ 20 ማክስ ለምን አዘዘ? እናንተ እዚህ ትከራከራላችሁ፣ ማኔጅመንቱ ይፈርማል።

የእንጦጦ ንፋስ፦
ሌላ አማራጭ አለ? ኤርባስ ጋ ወረፋው ስንት ዓመት እንደሆነ ታውቃለህ። ሲሙሌተሩ፣ መለዋወጫው፣ ቴክኒሻኑ ሁሉ 737 ላይ ነው።

ገበያ፦
ቢሾፍቱ አጠገብ የተቀበሩት ሰዎች ቤተሰቦች ወረፋ አይገባቸውም። ክሱ እንዲዘጋ ቦይንግና የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2025 ባደረጉት ስምምነት ለቤተሰቦች የተመደበው ተጨማሪ 444.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ እነሱ የጠየቁት ግን ችሎት ነበር።

ናቪጌተር፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ሴንሰሩን ምን እንደሰበረው እንኳ አልተስማማንም። የእኛ ቢሮ ከፋብሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ይላል፤ ኤን.ቲ.ኤስ.ቢ ምናልባት ወፍ ይላል። ወፍ ከሆነ የምርት ጥራት የሚለው ክርክራችሁ እዚህ ላይ አይቆምም።

ሃንጋር ሁለት፦
ወፍም ይሁን ሽቦ፣ አንድ ሴንሰር ሲበላሽ አውሮፕላን መውደቅ የለበትም። የተጠገነውን ተመልከት፦ አሁን ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰር ያነጻጽራል፤ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ዝም ይላል። አንዴ ከሠራ አይደግምም፤ አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ይችላል። ችግሩ ፍጥነት ከነበረ ይህ ሁሉ ለምን ተለወጠ?

ናቪጌተር፦
ሥልጠናውም ተለውጧል። ከ2020 በኋላ ሲሙሌተር ሳይገባ ማክስ የሚያበር የለም። አብራሪው ላይ ክፍተት ባይኖር ይህ ለምን ታዘዘ?

የእንጦጦ ንፋስ፦
ያንን ሲሙሌተር ማን እንደከለከለ አንተው ታውቃለህ። ቦይንግ የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለገ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ ብሎ ከአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ ነበር። እንዳይሰለጥን የተደረገውን አብራሪ «ፍጥነት ቢቀንስ ኖሮ» ማለት ይህ ነው።

ናቪጌተር፦
75 በመቶ ግን በኤንጂውም ሥልጠና ውስጥ አለ።