ልጄን ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ ካስቆምኩት ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ እንዴት አድርጌ ልመልስለት?

የማራኪዋ እናት፦

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ከአራስነቱ ጀምሮ ችፌ አለበት፤ የክርኑ መታጠፊያ ላይ፣ ከጉልበቱ ኋላ፣ አንገቱ ሥር። ሌሊት ሲያክ ያድርና ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አገኛለሁ። ጥፍሩን በየሦስት ቀኑ እቆርጣለሁ፣ እጁ ላይ ካልሲ አድርጌ ነው የማስተኛው።

ያልሄድኩበት ክሊኒክ የለም። ቅባት ይሰጡኛል፣ ይሻለዋል፣ ቅባቱ ሲያልቅ ይመለስበታል። አንዱ ጋ "ምግብም ሊሆን ይችላል፣ አስቁሚው" ተባልኩ፤ የትኛውን፣ እስከ መቼ፣ ያለኝ ሰው የለም። እኔም ቤት ገብቼ የፈራሁትን ሁሉ አስቆምኩት። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሽሮ እንኳ አልቀረም። አሁን የሚበላው የጤፍ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ አልፎ አልፎ ሥጋ ነው። ቆዳው ትንሽ ተሽሎታል። ኪሎው ግን ከ11 ወደ 10.4 ወረደ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓቢይ ጾም ላይ ቆዳው በጣም ጥሩ ነበር። እሱ አይጾምም፣ ግን ቤቱ ሲጾም ከእኛው ማዕድ ነው የሚበላው፣ ጠዋትና ማታ ከሚጠጣው ወተት በቀር። ፋሲካ ሲመጣ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ ሲገባ፣ በሳምንቱ ፊቱ ሁሉ ቀልቶ ቆሰለ። አማቴ ደግሞ "ልጁን ያከሳሽው ቅቤ ከልክለሽው ነው" ይሉኛል፤ እኔ ሥራ ስውል ቅቤ እንደሚያልሱት ጎረቤት ነገረችኝ። ምን ላድርግ?

የአዘዞ እናት፦

አይዞሽ እናቴ። የኔም ሴት ልጅ እንዲሁ ነበረች፣ አሁን 5 ዓመቷ ነው። የኛ ችግር የላም ወተት ሆኖ ተገኘ። እኔ የተሳሳትኩትን አንቺ እንዳትደግሚው ልንገርሽ።

የላም ወተት አስቁሜ፣ ሰው ሲመክረኝ ጊዜ የፍየል ወተት አፈላሁላት። ያን ሌሊት ስታክ ነጋ። በኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳኝ የሁለቱ ወተት ፕሮቲን በጣም ይመሳሰላል፤ የላሙ ያልተስማማው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም። ቅቤም ቢነጠር ትንሽ የወተት ፕሮቲን አይጠፋውም።

ሌላው ወፍጮ ቤት ነው። እኛም ለጊዜው ስንዴ አስቁመናት ነበር። "ንጹሕ ጤፍ ነው" እያልኩ እጋግራለሁ፤ ለካ ከኔ በፊት ስንዴ ያስፈጨው ሰው ዱቄት ወፍጮው ውስጥ ቀርቶ ከኔው ጋር ይወርዳል። እርሾዬም ድሮ ስንዴ እየቀላቀልኩ ካቦካሁት ሊጥ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥዬ ወረፋ መያዝ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለትልልቆቹ ለየሁ፣ እርሾውን ደፍቼ በጤፍ ብቻ አዲስ ጣልኩ። ምጣዱን የምናሰስበት ጎመን ዘር እንኳ የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ደብተሬ ላይ መዝግቤው ነበር። እሷን ምንም አላደረጋትም።

ደብተሩን አደራ። የበላውን፣ ሰዓቱን፣ ቆዳውን፣ እንቅልፉን፣ ሰገራውን ጻፊ። የኔ ደብተር አንድ ቀን እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ። 1 ሰዓት ገንፎ በዘይት። 9 ሰዓት ጎረቤት ቡና ላይ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ማታ አከከች።" ሄጄ ብጠይቅ ዳቦው በወተት የተቦካ ነው። ባልጽፈው ኖሮ ገንፎውን ነበር የምከሰው። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ቡና የሚጠራሽ ቤት ሁሉ።

ሲስተር (ሕፃናት ክፍል)፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የምትፈልጊው ፍንጭ እዚያው ውስጥ አለ።

በ55ቱ ቀን ጾም ልጅሽ ወተት እየጠጣ ቆዳው ጥሩ ነበር ብለሻል። በፋሲካ አዲስ የመጣው እንቁላሉ ነው። እኔ ብሆን ከወተቱ በፊት እንቁላሉን እጠረጥራለሁ። ችፌ ያለ ምንም ምክንያትም ይነሳል፣ ይተኛል፤ ስለዚህ ይሄ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ግን ስድስት ምግብ ባንድ ቀን ስላስቆምሽ የትኛው እንደረዳው ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

የተጠረጠረው ምግብ የሚቆመው ለማወቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆማል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳል። ሲመለስ ቆዳው ካልተነሳበት ያ ምግብ ነጻ ነው። ሳይመልሱ ዝም ብሎ መከልከል ልጁን ያከሳዋል። ሌላም አደጋ አለው፤ ችፌ ያለበት ልጅ ሲበላው የኖረውን ምግብ ለረጅም ጊዜ ካቆመ፣ ሲመለስበት ከበፊቱ የከፋ፣ ድንገተኛ አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ ወተቱንም ቢሆን ቤት ውስጥ ብድግ ብለሽ እንዳትሰጪው፣ የሕፃናት ሐኪም ይመልሰው።

እስቲ እነዚህን መልሽልኝ። በጾሙ ዳቦና ሽሮ ይበላ ነበር? ከነዚህ ምግቦች አንዱን በልቶ ወዲያው፣ ማለት ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ሰውነቱ እንደ ሳማ ሽፍ ብሎ ወይ አስመልሶት ያውቃል? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? ካለ እከክ እንዳይሆን ይታይ፤ እሱም ሌሊት ነው የሚብሰው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የደም ምርመራ ከታዘዘልሽ ደግሞ ፖዘቲቭ መጣ ማለት ብቻውን አለርጂ ነው ማለት እንዳልሆነ እወቂ። ሰውነቱ ያንን ምግብ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ብዙ ልጆች ፖዘቲቭ ሆነው በሰላም ይበሉታል።

ኪሎው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው።

የማራኪዋ እናት፦

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ በጾሙ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር፣ ሽሮማ የዕለት ምግቡ ነበር። ለውዝና ሰሊጥ ግን ቀምሶም አያውቅ፣ ፈርቼ ነው የከለከልኩት። ሌላ የሚያሳክከው ሰው የለም። ስለ ወዲያውኑ ስትጠይቂኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓመት ሊሞላው ሲል እንቁላል ፍርፍር አጎረስኩት፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አፉ ዙሪያ ሽፍ ብሎ ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ቃሪያው ነው ብዬ ተውኩት።

ሲስተር (ሕፃናት ክፍል)፦

ይሄን ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪው። እንቁላልን በምንም መልኩ ቤት ውስጥ አትሞክሪው፣ ኬክ ውስጥ ያለውንም ቢሆን። የሚሞከረው ሐኪም ባለበት፣ አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መድኃኒት) በቀረበበት ቦታ ነው። ለውዝና ሰሊጡንም ጠይቂው፤ ቀምሶት የማያውቀውን ምግብ በፍርሃት ማዘግየት አይጠቅመውም፣ ግን አጀማመሩን እሱ ይንገርሽ።

ድንገት በስህተት በልቶ ድምፁ ከጎረነነ፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይ ከዛለብሽ፣ የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥተሽ አትጠብቂ። ሽሮፑ ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ ትንፋሹን አያድንም። ይዘሽው ሩጪ፤ ታፋው ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው የሚያድነው።

ሐኪሙ ከፈቀደልሽ በሽሮ ጀምሪ፣ ቀጥሎ ስንዴ። ትንሽ ሰጥተሽ በየቀኑ ጨመር እያደረግሽ 3 ወይ 4 ቀን እይው፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፊው። ጉንፋን ከያዘው ወይ ካተኮሰው አቆይው። በዚያው ሳምንት ሳሙናም ቅባትም አትቀይሪ፣ ግራ ያጋባሻል። ገላውን በለብታ ውሃ አጥበሽ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባቱን አታቋርጪ፣ ሐኪም ያዘዘለትንም ቅባት በፍርሃት አታስቀሪበት። የብዙ ልጆች ችፌ ከምግብ ይልቅ በዚህ ነው የሚሻለው።

የሁለት ልጆች አባት፦

ስለ አማትሽ ብቻ ልናገር፣ የኛም ቤት ችግር ስለነበር። እናቴን ስንት ቀን ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። በመጨረሻ ለቀጠሮ ስንሄድ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ ወንበር ስቦላት "እማማ፣ ይሄን ልጅ ከእርስዎ በላይ የሚጠብቀው የለም" ብሎ አስረዳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ምን እንደበላ እኔን የምትቆጣጠረኝ እሷ ሆነች። እሳቸውም ክፋት የላቸውም፣ ልጁ ከስቶባቸው ነው። ባልሽ ይንገራቸው፣ አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪ።

የማራኪዋ እናት፦

ሐሙስ ሄድን። እማማም አብረውን ነበሩ። ሐኪሙ ደብተሬን አንድ በአንድ አየው፤ እንቁላል እንደቆመ እንዲቆይ፣ ወተቱን በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው እሱ ባለበት እንዲጠጣ፣ ሽሮና ስንዴ ቤት እንድጀምር ነገረኝ። ለለውዝና ለሰሊጡ ሌላ ቀን ቀጠረን። ሥጋ በየቀኑ ቢያገኝ፣ እንጀራው ላይም ዘይት ብጨምርለት ጥሩ ነው አለኝ።

ትናንት ሽሮ ሠራሁ። ሁለት ማንኪያ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠሁት። ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ "ድገሚኝ" አለኝ፤ ከፈተፈትኩት በላይ እንዳልሰጠው እጄን ያዝኩ። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ በባትሪ አየሁት። አላከከም፣ ካልሲው እንኳ ከእጁ አልወለቀም። ዛሬ አራት ማንኪያ ነው።