ቀኑን ሙሉ ተነድቶም የተጎታቹ ዲፕ ሳይክል ባትሪዎች አይሞሉም

ባለተጎታች

ሰላም ለሁላችሁ። ተጎታቹ ላይ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት ውሃ የሚጨመርባቸው ዲፕ ሳይክል (ብዙ ተጠቅመውባቸው ደጋግመው የሚሞሉ) ባትሪዎች በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ታስረዋል። የሚሞሉት መኪናው ሲነዳ በተጎታች ሶኬቱ በኩል ነው። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ከመኪናው ባትሪ እስከ ተጎታቹ ባትሪ 8 ሜትር ይሆናል፤ ኔጌቲቩም በዚያው ውፍረት የራሱ ሽቦ አለው። የሚሠራበት ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ፍሪጅ፣ የኤልኢዲ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ማታ ደግሞ ላፕቶፕ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው)። በቀን አምስት ሰዓት እየተነዳም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ፍሪጁ በቮልቴጅ ማነስ ይጠፋል። ችግሩ አስተሳሰሩ ነው? ሦስተኛ ባትሪ ልጨምር ወይስ ወደ ባለ 6 ቮልት ልቀይር?

ሽቦ ቆጣሪ

ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ቴስተር አውጣ። ባትሪዎቹ ጎደል ባሉበት ሰዓት ሞተሩን አስነሣና መጀመሪያ መኪናው ባትሪ ላይ፣ ቀጥሎ ተጎታቹ ባትሪ ላይ ለካ። በሞላ ባትሪ ብትለካ በሽቦው የሚያልፈው አምፔር ትንሽ ስለሚሆን ጥፋቱ ይደበቃል።

ፍጆታህን በግምት ላስላው። ፍሪጁ እየበራ እየጠፋ በአማካይ 1.7 አምፔር ቢወስድ በ24 ሰዓት 40 አምፔር-ሰዓት ነው። መብራት 2 አምፔር ለ5 ሰዓት፣ 10። ፓምፑ ቢበዛ 3። ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮ 18። በቀን 70 ገደማ ማለት ነው። ዕድሜያቸው እንዲረዝም ከፈለግህ ከ200ው የምትጠቀመው ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ ሆነው ቢነሡም ያለ ቻርጅ የሚያስኬዱህ አንድ ቀን ተኩል ያህል ነው።

ባለተጎታች

ለካሁ። መኪናው ላይ 14.2፣ ተጎታቹ ላይ 12.9።

ሽቦ ቆጣሪ

እንግዲህ 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። መዳብ በየሜትሩ፣ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 0.0175 ኦም ገደማ አለው። መሄጃና መመለሻው 16 ሜትር ነው፤ በ0.0175 አባዝተህ ለ2.5 ስታካፍለው 0.112 ኦም። 1.3ን ለ0.112 ስታካፍል 11.6 አምፔር፤ በሽቦው የሚያልፈው ይኸው ነው። ፍሪጁ ሲበራ 4 አምፔሩን ቀድሞ ይወስዳል።

የባሰው ደግሞ ባትሪው ከፍ ባለ ቁጥር አምፔሩ መውረዱ ነው። ባትሪው 13.5 ሲደርስ በሽቦው የሚመጣው 6 አምፔር ብቻ ይሆናል። በአምስት ሰዓት ባትሪው ውስጥ የሚቀረው 35 አምፔር-ሰዓት ቢሆን ነው። በቀን 70 እያወጡ 35 ማስገባት።

ስለዚህ ሦስተኛው ባትሪ አያድንህም፤ ምንጩ ጠብ ጠብ እያለ እንስራ መጨመር ነው። እንዲያውም አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር በፓራለል ሲታሰር አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፣ ሁለቱም አብረው ይደክማሉ።

መፍትሔው ተጎታቹ ውስጥ፣ ባትሪዎቹ አጠገብ፣ ባለ 20 አምፔር ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር ነው። የሚገባው ቮልቴጅ ቢወርድም ራሱ ወደ 14.4 እና ከዚያ በላይ ያነሣዋል። 20 አምፔር ለመስጠት ከመኪናው 24 ያህል ይስባል። ሽቦውን 16 ካሬ ብታደርገው በመንገድ የሚቀረው 0.42 ቮልት ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ በተጎታች ሶኬቱ አታሳልፈው፤ ፒኖቹ ለሰዓታት 24 አምፔር ሲያልፍባቸው ይግላሉ፣ ይቀልጣሉም። ለብቻው 50 አምፔር የሚችል ማያያዣ አድርግለት።

ፊውዝ ይቅደም

በዚህ በአዲሱ 16 ካሬ ሽቦ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ፤ ኃይል ከሁለቱም ጫፍ ይመጣል። ሽቦው መሃል ላይ ቢቆረጥና ሻሲ ቢነካ የመኪናው ባትሪም የተጎታቹም ባትሪ ይተኩሱበታል። ስለዚህ ለየራሳቸው ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ያስፈልጋቸዋል፣ ከባትሪው ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ከፊውዙ በፊት ያለችው ቁራጭ ጠባቂ የላትም።

ኢንቨርተሩ ሌላ ዓለም ነው። ባለ 1000 ዋት ከሆነ በሙሉ ጭነት 100 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 35 ካሬ ሽቦ፣ ከአንድ ሜትር ብዙ ያልረዘመ፣ ባለ 125 አምፔር ፊውዝ። ከፍሪጁ መስመር ላይ እንዳትቀጥለው።

አስተሳሰሩን ደግሞ ገልብጠህ እየው። ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም ከአንዱ ባትሪ ላይ ከወጡ ስህተት ነው። ያ ባትሪ በቅርብ ስላለ ሲሰጥም ሲቀበልም ይቀድማል፣ ሩቁ ይሰንፋል፣ ከዓመት በኋላ አንዱ ሞቶ ታገኘዋለህ። ፖዘቲቩ ከመጀመሪያው፣ ኔጌቲቩ ከሁለተኛው፣ በሰያፍ ይውጣ። የማገናኛዎቹ ውፍረትና ርዝመት እኩል ይሁን። ቻርጀሩም በዚያው በሰያፍ ይግባ እንጂ ለአንዱ ባትሪ ብቻ አይታሰር።

አሲድና ውሃ

ስለ 6 ቮልት የጠየቁትን ልመልስ። ባለ 225 አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በሲሪስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ሲታሰሩ 12 ቮልት፣ 225 አምፔር-ሰዓት ይሰጣሉ። ቮልቴጁ ይደመራል፣ አምፔር-ሰዓቱ ግን አይደመርም። ውስጣቸው ያለው ሰሌዳ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ዙር ይችላሉ፤ ባትሪ መቀየሪያዎ ሲደርስ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ጉዳታቸው አንዱ ሲሞት ሁለቱም ሥራ ማቆማቸው ነው። በፓራለል ያለውን ግን የሞተውን አውጥተው በቀረው መሄድ ይችላሉ። ዛሬ ቢቀይሩ ግን በዚያው ቀጭን ሽቦ እነሱንም ያስርቧቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። 20 አምፔሩ ቢመጣም ባትሪ እስከ 80 ከመቶ በፍጥነት ይሞላና ከዚያ በኋላ ራሱ መቀበል ይቀንሳል። የመጨረሻው 20 ከመቶ 14.4 እስከ 14.8 ቮልት ላይ ተይዞ ሦስት አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሁልጊዜ ከ80 የሚመለስ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ አቅሙም ሳይታወቅ ይሟሽሻል። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ በግድግዳ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ይሙሉት፤ ሲጨርስ ወደ 13.4 አካባቢ የሚወርድ ዓይነት ይሁን። ጣሪያው ላይ ባለ 200 ዋት ሶላር ቢኖር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 50 አምፔር-ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ ይህን ዘገምተኛ የመጨረሻ ክፍል ለመሙላት ከሞተሩ የሚሻለው እሱ ነው።

ውሃውን ከሞላ በኋላ ይጨምሩ፤ ሲሞላ አሲዱ ስለሚያብጥ ቀድሞ የተጨመረው ይፈስሳል። ሰሌዳው ራቁቱን ከሆነ ግን መጀመሪያ እስኪሸፈን ብቻ ጨምረው ይሙሉት። ዲስትልድ ውሃ ብቻ፣ አሲድ በፍጹም። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሳጥኑ ከላይ ወደ ውጭ የሚተነፍስበት ቱቦ ይኑረው፤ ኢንቨርተርና ቻርጀር እዚያው ሳጥን ውስጥ አይግቡ።

ባለተጎታች

በጣም አመሰግናለሁ። በዲሲ-ቱ-ዲሲ ፋንታ ወፍራም ሽቦና ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ብቻ ብጠቀምስ?

ሽቦ ቆጣሪ

ዲናሞው ሁልጊዜ 14.2 የሚሰጥ ከሆነ ይሠራል፣ ከአሁኑም እጅግ ይሻላል። ችግሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ዲናሞውን በሚቆጣጠርባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ቮልቴጁ እስከ 12.5 ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ሪሌዩ ተዘግቶም (አገናኝቶም) ባትሪው አይሞላም። መኪናህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ከነዳህ በኋላ ሞተሩን ሳታጠፋ መልሰህ ለካ። ሪሌይ ከሆነ ሞተሩ ሲጠፋ የሚከፍት (የሚያቋርጥ) መሆኑን እርግጠኛ ሁን፤ አለዚያ ሌሊት ፍሪጁ የመኪናውንም ባትሪ ይጨርስና ጠዋት ሞተሪኖው አይዞርም።

አሲድና ውሃ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባትሪዎቹ በሕይወት መኖራቸውን ያረጋግጡ። ሞልተው፣ አለያይተው፣ ጥቂት ሰዓት ካሳረፉ በኋላ 12.7 ገደማ ማሳየት አለባቸው፤ 12.2 ማለት ግማሽ ነው። ከዚያ በሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥግግት በሚለካው) እያንዳንዱን ሴል፣ ማለትም የባትሪውን ክፍል፣ ይለኩ። 1.265 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ገና አልሞሉም፣ መሙላቱን ይቀጥሉ። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.050 ከወረደና ረጅም ቻርጅ ካልመለሰው ግን ያ ባትሪ አልቋል፤ ከጓደኛው ጋር መልሰው አይሰሩት። ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩ ይከተል።