የምሳ ዕቃ ረቂቅ ሐሳብ፦ የሁለተኛ ዙር የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
በወላጆች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ስለ ልጆቻችን የትምህርት ቤት ምሳ የተያዘው ረቂቅ ሦስት አንቀጾች አሉት። አንደኛ፣ የአራት ሳምንት የምሳ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ሁሉም አባል በየቤቱ ይከተለዋል። ሁለተኛ፣ ከማኅበሩ ተቀማጭ ወጪ ተደርጎ ለእያንዳንዱ ልጅ ክፍልፋይ ያለው ምሳ ዕቃ በጅምላ ይገዛል። ሦስተኛ፣ ጣፋጭ መጠጥና የታሸገ ብስኩት ከምሳ ዕቃ ይወጣል። የምንመራው እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ባወጣው የሰሃን ምጣኔ ነው፦ ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ ያልተፈተገ እህል፣ ሩቡ ደግሞ እንደ ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ዶሮ ያለ የፕሮቲን ምንጭ። ማሻሻያ ያለው አባል እስከ ዓርብ ይጻፍ።

የሁለተኛ ክፍል ወላጅ፦
የአራቱን ሳምንት ሠንጠረዥ እኔ እሠራለሁ። እሑድ ማታ እዚሁ አቀርበዋለሁ።

የአንደኛ ክፍል ወላጅ፦
ለናሙና በቀረበው ሳምንት ማክሰኞ ላይ የተጻፈው የተቀቀለ እንቁላል ይውጣ። ልጆቹ የሚበሉት በመማሪያ ክፍላቸው ስለሆነ አንድ ክዳን ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ልጄ አፍንጫቸውን ይዘው የሳቁባትን ልጆች አይታ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው፤ ምሳዋንም ሳትቀምሰው ወደ ቤት አመጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቁላል አትነካም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ስብሰባ የፈጀ ናሙና በእንቁላል ሽታ ምክንያት እንደገና ሊከፈት አይገባም። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ማታ ተቀቅሎ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት እሳት አያስለኩስም። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚተካው ነገር ካለ ስሙንና ወጪውን አብረው ጽፈው ያቅርቡ።

የአራተኛ ክፍል አባት፦
ጥፋቱ የእንቁላሉ ሳይሆን የአቀቃቀሉ ነው። እንቁላል እሳት ላይ ሲቆይ ከነጩ ክፍል የሰልፈር ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ አስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴማ ቀለበት ይሠራል። ያንን ቀለበት ያየ ሰው እንቁላሉ ከልክ በላይ እንደበሰለ ይወቅ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀቅሎ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ሽታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የአንደኛ ክፍል ወላጅ፦
እንቁላል መቀቀል አታውቂም እንድባል አልጻፍኩም። እኔ የጠየቅሁት ስለ ልጄ ነው፤ እርስዎ የመለሱልኝ ስለ ድስቴ ነው።

የስድስተኛ ክፍል ወላጅ፦
ሳይላጥ ይሂድ፤ ልጣጩ ሽታውን ይይዘዋል።

የአንደኛ ክፍል ወላጅ፦
የስድስት ዓመት ልጅ በዚያች አጭር የምሳ ሰዓት እንቁላል ልጣ፣ ልጣጩን ጥላ፣ እጇን ታጥባ መቼ ልትበላ ነው?

የስድስተኛ ክፍል ወላጅ፦
እንግዲያው የአንድ ልጅ ምርጫ የሁሉንም ሠንጠረዥ ይወስናል ማለት ነው። ለሁለት ልጆቼ መዋጮ ከፍያለሁ፤ ሁለቱም እንቁላል ይወዳሉ። ማክሰኞ ከተነሣ የእኔ ድርሻ ተመላሽ ይደረግልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ገቢ የሆነ መዋጮ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ተመላሽ አይሆንም። ይህ ጉዳይ ባለፈው ዓመት በሌላ ግዢ ጊዜ ተነሥቶ ተዘግቷል፤ እንደገና እንዳይነሣ።

በጤና ሙያ የተሰማራሁ አባል፦
ስለ ሽታው ሃያ መስመር ተጽፎ ስለ አለርጂ አንድም ቃል አለመጻፉ አሳስቦኛል። እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒና ዓሣ በልጆች ላይ አለርጂ ከሚያስነሡት ምግቦች ዋነኞቹ ናቸው፤ ልጆችም ምግብ ይለዋወጣሉ። ሠንጠረዡ ለሁሉም አስገዳጅ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የበሰለ ምግብ በክፍሉ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ ጀርሞች በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል በፍጥነት ይራባሉና። እኛ ጠዋት አሽገን የምንልከው ምሳ የሚከፈተው ከ4 ሰዓት ቆይታ በኋላ ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ይቅር ወይስ ይኑር ከማለት በፊት በምን እንደሚቀዘቅዝ እንወስን። ማታ የበረደ የውሃ ጠርሙስ ከምሳ ዕቃው ጎን ማስቀመጥ አንድ መላ ነው፤ ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ትኩስ ምግብ የሚልክ ሰው ፔርሙዙን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ያሙቀው። ሩዝን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፦ በሩዝ ውስጥ ያሉ የባክቴሪያ ዘሮች በመቀቀል አይሞቱም፤ የሚያመርቱት መርዝም ቢሞቅ አይጠፋም። ማታ የተረፈ ሩዝ በቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ካልገባ አይላክ።

ገንዘብ ያዥ፦
ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ በበጀቱ ውስጥ የለም። ቦርሳው ከተገዛ ክፍልፋይ ያለው ምሳ ዕቃ አይገዛም፤ ሁለቱን አይችልም።

የአራተኛ ክፍል አባት፦
ቦርሳው ይሻላል እላለሁ። ስለ አቀቃቀሉ የጻፍኩት እናቲቱን ለመንካት አልነበረም፤ ቅር አሰኝቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአምስተኛ ክፍል እናት፦
እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ምን እንደምንልክ ነው፤ ምን እንደሚመለስ የጻፈ የለም። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል የልጄን ምሳ ዕቃ ማታ ማታ እየከፈትኩ የተመለሰውን በደብተር መዝግቤያለሁ። በእንጨት መልክ የተቆረጠው ካሮት ጫፉ ደርቆና ነጥቶ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በላክሁት ቀን ግን ከግማሽ በላይ ተበላ። ሙሉ ብርቱካን ሦስት ጊዜ ሳይነካ ተመልሷል። ልጄ ብርቱካን የማይወድ መስሎኝ ነበር፤ ስጠይቀው ግን ልጦ ሳይጨርስ ደወሉ እንደሚደወልበት ነገረኝ። ልጬ፣ ፍልቃቂውን ለይቼ ስልክለት አንዱንም አላስተረፈም። ፖም ሲቆረጥ ስለሚጠቁር ይመልሰው ነበር፤ ጥቂት ሎሚ ስቀባው ይህ ችግር ቀረ። ቲማቲም የገባበት ዳቦ ርሶ እንደ ሊጥ ሆኖ ተመለሰ፤ ቲማቲሙን ለብቻው ሳደርገው ዳቦው ተበላ። የባቄላው ነገር ግን ዘገየ፦ አምስት ቀን መለሰው፣ በስድስተኛው ቀን ሦስት ፍሬ ቀነሰ። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጊዜ መቅረብ እንዳለበት በአመጋገብ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ የምንሠራው ሠንጠረዥ በየቀኑ አዲስ ነገር የሚያመጣ ሳይሆን ልጁ ከሚወደው ሁለት ምግብ ጎን አንድ የማያውቀውን በትንሹ እየደጋገመ የሚያቀርብ ቢሆን እመርጣለሁ። ልጁም ማታ ከሁለት ፍራፍሬ አንዱን ራሱ ይምረጥ።

የስድስተኛ ክፍል ወላጅ፦
ጥሩ ነው፤ ማክሰኞ ግን ምን ሆነ?

የአንደኛ ክፍል ወላጅ፦
ይውጣ ብያለሁ።

የሦስተኛ ክፍል ወላጅ፦
ልጆቻችን በሚማሩበት ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ባይበሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይነሣም ነበር። መጠየቅ ያለብን የመመገቢያ ቦታ ነው። የብርቱካኑም ነገር የጊዜ እጥረት እንጂ የምግቡ ጉድለት አይደለም። የምሳ ሰዓቱ በ10 ደቂቃ እንዲጨምርልን በጋራ እንጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
ደብዳቤ ወጪ የለውም። እደግፋለሁ።

የስድስተኛ ክፍል ወላጅ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ የመዋጮውን ጥያቄም ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ጸሐፊ፦
በተሰጠው ሐሳብ መሠረት ረቂቁ እንደሚከተለው ተሻሽሏል። አንቀጽ አንድ፣ የመመገቢያ ቦታና ተጨማሪ 10 ደቂቃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይገባል። አንቀጽ ሁለት፣ በምሳ ዕቃው ምትክ ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ ይገዛል። አንቀጽ ሦስት፣ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ዝርዝር በወላጆቻቸው ፈቃድ ለየክፍሉ መምህር ይሰጣል። የምሳ ሠንጠረዡ ሲደርስ በአባሪነት ይያያዛል። እሑድ አልፏል፤ የሁለተኛ ክፍል ወላጅ ያሉበትን ደረጃ ያሳውቁን።

በጤና ሙያ የተሰማራሁ አባል፦
የጣፋጭ መጠጡ አንቀጽ የት ሄደ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ተጨማሪ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አሳስቧል። ይህ አንቀጽ በማንም ተቃውሞ አልቀረበበትም፤ ለምን ወጣ?

ጸሐፊ፦
ተዘሎ ነው፤ በአባሪው ውስጥ አስገባዋለሁ።

የአምስተኛ ክፍል እናት፦
አባሪው እስካሁን ባዶ ነው። የተሰበሰብነው ልጆቻችን በየቀኑ አንድ ዓይነት ዳቦ ይዘው ስለሚሄዱ ነበር፤ ነገም ያንኑ ዳቦ በአዲስ ቦርሳ ይዘው ይሄዳሉ። የሁለተኛ ክፍል ወላጅን ስልክ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላገኘኋቸውም። የእኔን ደብተር ፎቶ አንሥቼ የመጀመሪያውን ሳምንት ከእርሱ ልሙላው፤ ቀሪውን ሦስት ሳምንት የሚወስድ አባል ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
የቦርሳውን ዋጋ ከሦስት ሻጭ አምጥቶ የሚያወዳድር ሰው ከዚያ ይቀድማል። እስከ ሐሙስ ካልቀረበልኝ ወጪውን አልፈርምም።