ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በአንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፦ ዓመቱን እንዴት ልያዘው?

መምህርት ዘ ገጠር
ሰላም ባልደረቦች። ትምህርት ቤቱ ገጠር ነው። 1ኛ ክፍል 14፣ 2ኛ 12፣ 3ኛ 10፣ በድምሩ 36 ልጆች አንድ ላይ ይማራሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በምን ልጀምር? አዝመራ ሲደርስ የሚቀሩትንስ ምን ላድርግ? ዓመቱ ሲያልቅ ማንበብ የማይችል ልጅ እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ጠመኔ
እህቴ፣ ሁለቱን የመጀመሪያ ሳምንታት ለመጽሐፉ አትስጫቸው። ደብተር ማን ያድላል፣ ውጭ ለመውጣት ምን ምልክት ይሰጣል፣ ሥራውን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ ምን ይይዛል የሚለውን በየቀኑ አለማምጃቸው። የመጨረሻው ካልተለመደ አንዱን ቡድን ስታስተምሪ ሌላው «ቲቸር ጨረስኩ!» እያለ ዓመቱን ሙሉ ያቋርጥሻል።

40ውን ደቂቃ ለሦስት እኩል አትክፈዪው። 3 ደቂቃ ለሁሉም መመሪያ፣ ከዚያ 15 ለ1ኛ፣ 10 ለ2ኛ፣ 8 ለ3ኛ፣ የቀረው 4 ለእርማት። 2ኛ እና 3ኛ ክፍሎች ተራቸው እስኪደርስ የሚሠሩት ልጆቹ ሳይገቡ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸው። ሰሌዳውን በሁለት ቋሚ መስመር ለሦስት ክፈዪው፤ ጽሑፉም ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ከኋላ ያለው አያየውም። አግዳሚዎቹን ስትደረድሪ መስኮቱ በልጆቹ ግራ ይሁን፤ በቀኝ ከሆነ የአብዛኞቹ እጅ ጥላ ደብተራቸው ላይ ያርፋል።

ሳድስ
ስለ ንባቡ ልጨምር። በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያስነብቡ። 20 ፊደላት፣ 10 ቃላትና 4 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉበት አንድ ወረቀት ይበቃል። በቀን 6 ልጅ ቢይዙ በ6 ቀን ያልቃል። ፊደላቱን ግን ያዘበራርቋቸው። በገበታው ተራ ከሆነ በዜማ የሸመደደው ልጅ አንድም ሳይስት ይወርደዋል። ጣትዎን «ሜ» ላይ ሲያሳርፉ ከንፈሩን ይመልከቱ፤ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለ ቆጥሮ የሚደርስ ከሆነ ፊደሉን ገና አልለየውም።

33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ጭነቱ ግን እኩል አይደለም። ካዕብ (2ኛው፣ እንደ ሙ) በአብዛኛው ወገቡ ላይ ቅጥል አለው፣ ሣልስ (3ኛው፣ እንደ ሚ) እግሩ ሥር፣ ኃምስ (5ኛው፣ እንደ ሜ) ቀለበት። ሳድስ (6ኛው) ይህን የመሰለ ወጥ ደንብ የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው። ልጁ የሚሰናከለውም እዚያ ነው፤ «ትምህርት» የሚለው ቃል እንኳ አምስቱም ፊደላቱ ሳድስ ናቸው! ስለዚህ ሳድሶቹን የመስመሩ መጨረሻ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለብቻቸው ቀድመው ያስተምሩ። ቀ እና ተን፣ ነ እና ኘን፣ ለ እና ሰን ደግሞ በአንድ ሳምንት አያስጀምሩ፤ አንዱ ሳይጠና ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይምታታሉ።

ማለዳ ደወል
በደቂቃው አከፋፈል ከጠመኔ ጋር የምስማማው ለቋንቋና ለሒሳብ ብቻ ነው። ለአካባቢ ሳይንስ አንድ ርዕስ ለሦስቱም ይሁን፣ ሥራው ይለያይ። ለምሳሌ ዝናብ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ። 3ኛዎቹ ጠዋት ጠዋት የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክተው በሠንጠረዥ ይጻፉ፣ 2ኛዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ 1ኛዎቹ ሥዕልና አንድ ቃል። ጣሳው ወደ ላይ የሚሰፋ ከሆነ ልኬቱ ትክክል አይመጣም።

አዝመራውን በተመለከተ፣ ብዙ ልጆች በሚቀሩባቸው ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ። ለክለሳና ለንባብ አውያቸው። የቀረው ሲመለስ ያመለጠውን ማስታወሻ አታስገልብጪው፤ ደብተሩ ይሞላል፣ ክፍተቱ ግን ተሸፍኖ ይቀራል። ያንኑ ሳድስ ከላይ የጠቀሰውን የንባብ ወረቀት እንደገና አስነብቢውና ከቆመበት ይቀጥል፤ ለሁለት ሳምንት በቀን 15 ደቂቃ ከአንድ 3ኛ ክፍል ልጅ ጋር።

መምህርት ዘ ገጠር
አመሰግናለሁ። ረዳት የሚሆኑት 3ኛ ክፍሎች የራሳቸው ትምህርት አይጎዳም?

ማለዳ ደወል
ሁሌ አንዱን ጎበዝ ከመደብሽ ይጎዳል። በየሳምንቱ አቀያይሪያቸው፣ ደካማውም ተራ ይድረሰው፤ ለታናሹ ሲያስነብብ የራሱም ንባብ ይጠናል። ረዳቱ ቃሉን እንዳይነግረው ግን አስቀድመሽ አሳዪው፦ ታናሹ ሲቆም ጣቱን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቅ።