ጥቆማ፦ ለቪኒል አሻንጉሊት የቆዳ ቀለም ጎንደር ላይ ከየት ይገዛ? ማንስ ይቀባው?

ከአዘዞ የጠየቅሽው እህቴ፣ ለልጅሽ የገዛሽው የአራስ ሕፃን ቅርጽ ያለው የቪኒል (የለስላሳ ፕላስቲክ) አሻንጉሊት ጠይም እንዲሆን ፈልገሻል። ይቻላል፤ ያምራልም።

የቆርቆሮ ቀለምና የመኪና ስፕሬይ ግን ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ፕላስቲሳይዘር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ቀለሙን ያሟሟዋል፤ ከጊዜ በኋላ ፊቱ እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። የዘይት ቀለምም ለዚህ አይመከርም።

የእኔ ምርጫ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚገዛው የቲዩብ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሠዓሊ ቀለም) ነው። የተማሪዎቹ ባለ ሳጥን ቀለም ስለሚሳሳ ነጠላ ቲዩቦችን ፈልጊ፦ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ የሎ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)፣ አልትራማሪን ብሉ (ደማቅ ሰማያዊ)። «የሥጋ መልክ» ተብሎ የሚሸጠው ሮዝ ስለሆነ ለእኛ ልጆች መልክ አይሆንም። ለጠይም ሲየናውንና አምበሩን አብዢ፤ ለቀይ ዳማ ኦከሩን ጨምሪ። ማጥቆር ስትፈልጊ ጥቁር ሳይሆን አምበርን ከአልትራማሪን ጋር ደባልቂ። ነጭ ሲበዛ ቆዳው አመድ የነካው ይመስላል።

አሻንጉሊቱን በሳሙና አጥበሽ በአልኮል ጥረጊው። ከዚያ ቀለሙን በጣም አቅጥነሽ በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አድርጊ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቢ። የአራስ ቆዳ አንድ ወጥ አይደለም። እናቶቻችን ሕፃኑ ሲያድግ የሚይዘውን መልክ ከጆሮው ጫፍ ያዩ የለ? ጆሮውን፣ የጥፍሩን ሥርና የጣቱን መገጣጠሚያ ጠቆር አድርጊ፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ፈካ ይበሉ። ወገቡ ዝቅ ብሎ ደግሞ ብዙ አራሶቻችን ይዘውት የሚወለዱትን ሰማያዊ ጥላ ጣል አድርጊበት። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ አሻንጉሊቱን የእኛ ልጅ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባ፤ አለዚያ አክሪሊክ ቪኒል ላይ ቶሎ ይፋቃል።

ከውጭ የሚልክልሽ ዘመድ ካለ ጄነሲስ የሚባለው በሙቀት የሚደርቅ ቀለም ይበልጣል። ካልሞቀ ስለማይደርቅ ተረጋግተሽ ታስተካክይዋለሽ። ግን እያንዳንዱ ንብርብር 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለ8 እስከ 10 ደቂቃ ኦቨን ይፈልጋል። ኦቨኑ ምግብ የማይሠራበት፣ ቴርሞሜትር ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ የተቀመጠ መሆን አለበት። ለአንድ አሻንጉሊት ይህን ሁሉ ወጪ አልመክርም።

ማስቀባት ከመረጥሽ ሠዓሊ ይሻላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ፊት እያዩ ያደጉ የከተማችን ሠዓሊዎች ለቅንድብና ለከንፈር እጃቸው የተባረከ ነው። ቆዳውን ግን በወፍራም ቀለም አንድ ጊዜ ሸፍነው እንዳይጨርሱት ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ክንዱ ላይ ሞክረው ያሳዩሽ።

ልጅሽ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ከሆነ ግን፣ ያንን እስክትተው ድረስ ሳይቀባ ይቆይ።