ልጄ የ2017ቱን የኤንኤፍኤል ድራፍት ገምግም ተብሏል፤ ማን ጥሩ መረጠ ለማለት ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ አባት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካን ፉትቦል የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። እኔ ኳስ ሲባል የማውቀው በእግር የሚመታውን ነው።

ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። የስታቲስቲክስ መምህርቷ የ2017ቱን ድራፍት ሰጥታ «ሦስት ቡድን ያዝና ማን ጥሩ እንደመረጠ አሳይ» ብላዋለች። እሱ ቺካጎ ቤርስን፣ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስንና ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስን ያዘ። የጻፈው ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቺካጎ በ2ኛ ምርጫ ሚች ትሩቢስኪን ወሰደ፣ ካንሳስ ሲቲ በ10ኛ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ፣ ማሆምስ ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) በላ፣ ስለዚህ ቺካጎ ዜሮ። በቃ። መምህርቷ ጠርዙ ላይ «ይሄ ውጤት ነው፤ ግምገማው የታለ?» ብላ መለሰችለት።

እኔ እስካሁን የገባኝ ይሄን ያህል ነው። 32 ቡድን አለ። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ከኮሌጅ የሚመጡትን ልጆች በ7 ዙር ይከፋፈላሉ። ባለፈው ዓመት የባሰበት ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ሱፐር ቦውል የበላው መጨረሻ ላይ። ተራቸውንም እርስ በርስ ይሻሻጣሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔ ጨለማ ነው። ቡድኑ ጥሩ መረጠ ወይም አልመረጠም የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ደግሞስ መቼ?

መልስ፦ ዳላስ ያለሁት

ጋሼ ሰላም። መምህርቷ ልክ ናት። ከ«መቼ» ልጀምር፣ ሌላው እሱን ተከትሎ ይመጣልና።

ልጁ ይህን ጽሑፍ በዚያው በ2017 የውድድር ዓመት ማብቂያ ላይ ቢጽፈው ምን ይል ነበር? ማሆምስም ትሩቢስኪም ኳርተርባክ ናቸው፣ ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ማለት ነው። ማሆምስ በዚያ ዓመት በቋሚነት የገባው አንድ ጨዋታ ነው፣ እሱም የመጨረሻው፣ ዴንቨር ላይ። ሌላውን ሁሉ ከቋሚው ኳርተርባክ ከአሌክስ ስሚዝ ጀርባ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ትሩቢስኪ 12 ጨዋታ ጀምሯል። ያኔ ካንሳስ ሲቲን ያስመሰገነው ማሆምስ ሳይሆን 3ኛ ዙር ላይ በ86ኛ ምርጫ የወሰዱት ሩኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ) ካሪም ሀንት ነበር። 1,327 ያርድ ሮጦ ሊጉን መራ። ዓመቱ ሲዞር ነገሩ ተገለበጠ። ማሆምስ 50 የተችዳውን (እንደ ጎል የሚቆጠር) ኳስ ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ ሀንትን ደግሞ ከሜዳ ውጪ በሆነ ጉዳይ ቡድኑ አሰናበተው።

ስለዚህ በአንድ ዓመት የሚሰጥ ማርክ ዋጋ የለውም። ድራፍቱ ባለቀ ማግስት ጋዜጠኞች የሚሰጡትን «ኤ» እና «ሲ» ደግሞ ጨርሶ ይተወው። በ2012 ሲያትል ራስል ዊልሰንን በ75ኛ ሲወስድ ስንቱ ነው የሳቀው። ከሁለት የውድድር ዓመት በኋላ ሱፐር ቦውሉን ይዘው ሄዱ።

እኔ ብሆን 4 ዓመት እወስዳለሁ። ከ2011ዱ የሠራተኛ ስምምነት ወዲህ የተመረጠ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ 4 ዓመት ነው፤ ደሞዙም በተመረጠበት ተራ የተወሰነ ነው። ለ1ኛ ዙር ልጆች ብቻ ቡድኑ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት ይጨምራል። ቡድኑ የገዛው ያንን ጊዜ ነው። ቺካጎ ለትሩቢስኪ አምስተኛውን አልጨመረለትም። ይሄ ቡድኑ በገዛ እጁ ለራሱ የጻፈው ማርክ ነው፤ ልጁ ሊጠቅሰው ይችላል።

መልስ፦ የአርሴናል ልጅ

እኔ ግን ልጁ ምን አጠፋ ባይ ነኝ። ደጋፊ የሚያውቀው ውጤት ነው። አንድ ክለብ 80 ሚሊዮን አውጥቶ አጥቂ አምጥቶ፣ አጥቂው ጎል አላገባ ሲል «ሲገዛ እኮ ጥሩ ይመስል ነበር» ተብሎ የተጽናና ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መልስ፦ ቁጥር ወዳጅ

አርሴናል፣ ቁስልህ ይገባኛል 😄። ግን እዚህ የተጠየቀው ደጋፊ ምን ተሰማው አይደለም።

ጋሼ፣ ልጁ ሦስት ነገር ይለያይ። የተከፈለው ዋጋ፣ የተመረጠው ሰው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ዕድል። «ቺካጎ ዜሮ» የሚለው ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው።

ዋጋውን እንይ። ቺካጎ መጀመሪያ 3ኛ ነበር። ወደ 2ኛ፣ አንዲት ደረጃ ብቻ፣ ከፍ ለማለት ለሳን ፍራንሲስኮ 3ኛውን፣ 67ኛውን፣ 111ኛውንና የ2018ን 3ኛ ዙር ምርጫውን ሰጠ። ለአንድ ደረጃ! ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላሱ አሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ዘንድ የተሠራ የነጥብ ሰንጠረዥ አለ፤ ቡድኖች ተራ ሲሻሻጡ ለረጅም ጊዜ የተመሩበት። በእሱ 1ኛው ምርጫ 3,000 ነጥብ ነው፣ 2ኛው 2,600፣ 3ኛው 2,200። የሁለቱ ልዩነት 400። 67ኛው 255፣ 111ኛው 72፣ ድምሩ 327። የ2018ቱ ሲታከልበት ሂሳቡ ይቀራረባል። በገበያው ዋጋ ቺካጎ አልተበላም ማለት ነው።

የሚያጠያይቀው መግዛቱ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ 3ኛ ላይ የወሰደው ተከላካይ ነው፣ ሰለሞን ቶማስን። ኳርተርባክ አልወሰደም። ቺካጎ የፈራው ሌላ ቡድን መጥቶ ያቺን 2ኛ ቦታ እንዳይገዛበት ነው። ያ ስጋት እውነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ልጁ በአንድ አንቀጽ ቢከራከርበት መምህርቷ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

አሁን የሚጥመው ጋ ደረስኩ። ያ የተሰጠው 67ኛ ምርጫ የት ሄደ? ሳን ፍራንሲስኮ ለኒው ኦርሊንስ ሸጠው። ኒው ኦርሊንስ አልቪን ካማራን ወሰደበት። የ2018ቱ ደግሞ 70ኛ ሆኖ ወጣ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይንባከሩን (የመሀል ተከላካዩን) ፍሬድ ዋርነርን አገኘበት። ልጁ የያዛቸው ቡድኖች በዚህ ክር የተያያዙ ናቸው። ይጻፈው። ግን «ቺካጎ ካማራንና ዋርነርን ሰጠ» ብሎ እንዳይጽፍ። ቺካጎ የሰጠው ሁለት ተራ ነው። ተራው እጁ ላይ ቢቀር ማንን ይወስድ እንደነበር ማንም አያውቅም።

መልስ፦ ሚኒሶታ ነዋሪ

በቁጥር ወዳጅ ላይ ልጨምር። የተመረጠውን ሰው ለመመዘን በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ማን ነበር ማለት ይሻላል። ማሆምስን ያለፈችው ቺካጎ ብቻ አይደለችም። ከእሱ በፊት ዘጠኝ ስም ተጠርቷል።

9ኛውን ተመልከቱ። ሲንሲናቲ ዋይድ ሪሲቨሩን (የተወረወረ ኳስ የሚይዘውን) ጆን ሮስን ወሰደ። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው የኮምባይን ፈተና 40 ያርድን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የፈተናውን ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልያዘም፣ አንድም! ከዚያም ጉዳት ነው የተፈራረቀበት። ከእሱ ቀጥሎ የተጠራው ስም ማሆምስ ነው። ግን ሲንሲናቲ ያኔ አንዲ ዳልተን ነበረው፤ ኳርተርባክ ፍለጋ አልወጣም። ኳርተርባክ ያለው ቡድን ማሆምስን አለመውሰዱና ኳርተርባክ ፍለጋ ከፍሎ የወጣ ቡድን ሌላውን መውሰዱ አንድ አይደለም። ቺካጎ ላይ የእኔም እጅ የሚጠነክረው እዚህ ጋ ነው። ማሆምስም ዴሻን ዋትሰንም ፊቱ ነበሩ።

10ኛውን ቦታ ለካንሳስ ሲቲ የሸጠው ደግሞ ቡፋሎ ነው። 27ኛውን፣ 91ኛውንና የ2018ን 1ኛ ዙር ተቀበለ። በ27ኛው ኮርነርባኩን (ኳስ ያዦችን የሚከላከለውን) ትሬዴቪየስ ዋይትን ወሰደ፣ ጥሩ ተጫዋች ወጣው። በዓመቱም ጆሽ አለንን መረጠ። ቡፋሎን «ማሆምስን የሸጠ» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፣ ግን እሱም ያሰበው ደርሶለታል።

መልስ፦ የዲሲ ጎረቤት

ጋሼ ሜሪላንድ ከሆኑ የዋሽንግተንን የ2012 ጉዳይ የሥራ ባልደረባዎን ይጠይቁ፤ አይጨርስልዎትም። ሮበርት ግሪፈንን ለመውሰድ ከ6ኛ ወደ 2ኛ ወጣን። የከፈልነው የዚያን ዓመት 2ኛ ዙርና የ2013ንና የ2014ን 1ኛ ዙር ነው። ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፣ ቡድኑ ጥሎ ማለፍ ገባ፣ ከዚያ ጉልበቱ ሄደ። ምርጫው መጥፎ ነበር ወይስ ዕድሉ? እኔ ዋጋው በዛ እላለሁ፣ ሰውየው ላይ ግን አልፈርድም። በዚያው ድራፍት 4ኛ ዙር ላይ ከርክ ከዝንስን መውሰዳቸውንም አይርሱ። ያኔ «ሁለት ኳርተርባክ ምን ያደርጋል» ተብሎ ነበር።

ድጋሚ ጥያቄ፦ አባት ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለልጁ አነበብኩለት፤ የ67ኛውን ነገር ሲሰማ ከአልጋው ተነሳ። አሁን የቸገረው መምህርቷ በመጨረሻ አንድ ቁጥርና አንድ ግራፍ ትፈልጋለች። በምን ይቁጠረው? ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ትሬይ ሄንድሪክሰን የሚባል ሰው በ103ኛ ወስዶ ነበር። ስሙ የገነነው ግን ሲንሲናቲ ከሄደ በኋላ ነው። ይቆጠር አይቆጠር?

መልስ፦ ቁጥር ወዳጅ

ፕሮ ፉትቦል ሬፈረንስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይግባ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየዓመቱ «አፕሮክሲሜት ቫልዩ» የሚሉት አንድ ቁጥር አለው። የሁሉም ቦታ ተጫዋች በአንድ ሚዛን ይቀመጥበታል። ሻካራ ነው። በተለይ የአጥቂ መስመር ልጆችን፣ ማለትም ኳርተርባኩን ከፊት ሆነው የሚጠብቁትን፣ እንደ ኒው ኦርሊንሱ ራያን ራምቺክ ያሉትን፣ በአብዛኛው በቡድኑ አጠቃላይ ማጥቃት ነው የሚለካቸው። ይሄን ድክመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሰው።

ከዚያ ለየተራው «ይጠበቅ የነበረውን» ያውጣ። ለምሳሌ ለ67ኛ፣ ከ2011 እስከ 2016 ከ62ኛ እስከ 72ኛ የተመረጡትን ሁሉ ይውሰድ፣ የመጀመሪያ 4 ዓመታቸውን ይደምር፣ አማካዩን ያውጣ። ላይኛዎቹ ተራዎች ላይ ግን ያን ያህል ሰፊ አያድርገው፣ 2ኛና 7ኛ አንድ አይደሉምና። ቡድኑ ያገኘው ሲቀነስ ይጠበቅ የነበረው፣ እሱ ነው ቁጥሩ። ግራፉም ይሄው ነው፦ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች የቆሙ ምሰሶዎች። ማሆምስ የመጀመሪያው ዓመቱ ባዶ ሆኖ እንኳ የት እንደሚደርስ ሲያይ ይገረማል።

ሄንድሪክሰን ይቆጠራል፣ ግን ኒው ኦርሊንስ የነበረባቸው 4 ዓመታት ብቻ። በአራተኛው ዓመት፣ በ2020፣ 13.5 ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ ሳይወረውር መጣል) አስመዝግቧል፤ እሱ የኒው ኦርሊንስ ነው። በ2024 ሊጉን የመራበት 17.5 የሲንሲናቲ ነው። ድረ ገጹ ለመረጠው ቡድን ብቻ የተሰጠ ዓምድም አለው፣ ግን ዓመት አይገድብም። ካማራ እዚያው ስለቆየ ያ ዓምድ ያሳብጠዋል። ዓመት በዓመት ይደምር።

ኒው ኦርሊንስ በሁሉም ሚዛን የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ማርሾን ላቲሞርና ካማራ በዚያ ዓመት የሊጉን ምርጥ አዲስ ተከላካይና ምርጥ አዲስ አጥቂ ሽልማት ሁለቱንም ወሰዱ። ከአንድ ቡድን እንዲህ ሲሆን ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ያም ሆኖ ነፃ አልነበረም። ራምቺክ የመጣበት 32ኛና ሄንድሪክሰን የመጣበት 103ኛ የተገኙት ብራንዲን ኩክስን ለኒው ኢንግላንድ ሰጥተው ነው። ለ67ኛውም የ2018ን 2ኛ ዙር ከፍለዋል።

መልስ፦ ዳላስ ያለሁት

አንዲት ነገር ብቻ። ልጁ «ኒው ኦርሊንስ መምረጥ ያውቃል» ብሎ እንዳይደመድም። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የሚባሉ ተመራማሪዎች (ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው ነው) የድራፍትን ታሪክ አገላብጠው ነበር። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ተከታታይ ተመራጮች ቀድሞ የተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ከመወርወር ትንሽ ይሻላል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዓመት ችሎታን አያረጋግጥም። ጊዜ ካለው የዚያኑ ቡድን የ2015ንና የ2016ን አብሮ ያስቀምጥ።

መልስ፦ የአርሴናል ልጅ

52 በመቶ ካነበብኩ በኋላ ስለ ክለቤ ግዢ ትንሽ ተጽናናሁ።

ድጋሚ ጥያቄ፦ አባት ከሜሪላንድ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይቅርታ አበዛሁ። ቺካጎ 5 ሰው ብቻ ነው የመረጠው፣ ኒው ኦርሊንስ 7። ድምር ይያዝ ወይስ አማካይ? ቺካጎ 4ኛ ዙር ላይ ኤዲ ጃክሰንንና ታሪክ ኮኸንን ስለወሰደ አማካዩ ብዙም አያሳፍርም ይላል ልጁ።

መልስ፦ ቁጥር ወዳጅ

ልጁ ነቅቷል። ጃክሰን በ112ኛ፣ ኮኸን በ119ኛ የመጡ ናቸው፤ በ2018 ሁለቱም የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብተዋል፣ ቺካጎም 12 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በላ። «ዜሮ» የሚለው ቃል የወደቀው እዚህ ጋ ነው።

አማካይ አይያዝ፣ ድምር ይያዝ። 5 ሰው ብቻ የቀረው ተራ ሸጦ ስለሆነ፣ አማካይ ያንን ዕዳ ይደብቅለታል። ከልዩነቶቹ ድምር ላይ የ67ኛው፣ የ111ኛውና የ2018ቱ 3ኛ ዙር ይጠበቅ የነበረው ዋጋ ይቀነስ፤ ካማራና ዋርነር ያመጡት ሳይሆን አማካዩ። ለካንሳስ ሲቲም 91ኛውንና የ2018ን 1ኛ ዙር፣ ለኒው ኦርሊንስም የ2018ን 2ኛ ዙር እንደዚያው። ኩክስ ተጫዋች እንጂ ተራ ስላልሆነ በቁጥር አይግባ፣ ከግራፉ ሥር በአንድ መስመር ይጻፍ።