ክርክር፦ ያልተላከ ሰው ወንጌል መስበክ ይችላል?

አወያይ፦ ሮሜ 10፥15 «ካልተላኩ እንዴት ይሰብካሉ?» ይላል። ሐዋርያት ሥራ 8፥4 ደግሞ በስደቱ የተበተኑት «ቃሉን እየሰበኩ ዞሩ» ይላል፤ ሐዋርያቱ ግን አልተበተኑም፣ ኢየሩሳሌም ቀርተዋል (8፥1)። የሰባኪው ሥልጣን ከየት ነው? የስብከቱስ ግብ ምንድን ነው? ጥቅስ ስታመጡ ከፊቱና ከኋላው ያለውንም አምጡ።

ዘአንጾኪያ፦ ሐዋርያት ሥራ 13፥1-3ን በቅደም ተከተል እንየው። አምስት ነቢያትና መምህራን በስም ተጠርተዋል። ሲያገለግሉና ሲጾሙ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለይቶ ጠራ። እንደገና ጾሙ፣ ጸለዩ፣ እጃቸውን ጫኑ፣ አሰናበቷቸው። ቁጥር 4 ላይ ግን «በመንፈስ ቅዱስ ተልከው» ይላል። ላኪው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ የተላኩት ደግሞ በጉባኤው እጅ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽርም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥22 እጅ ለመጫን አትቸኩል ሲል፣ መጀመሪያ ሰውየውን መርምር ማለቱ ነው። ሥልጣንን በመቃወም የሚታሙት ሉተራውያን እንኳ በ1530 እ.ኤ.አ. የአውግስበርግ እምነት መግለጫ አንቀጽ 14 ላይ፣ በሥርዓት ያልተጠራ ማንም በአደባባይ እንዳያስተምር ወስነዋል።

ቤርያዊት፦ ዲያቆን፣ ምዕራፍ 9ን ዘለልከው እኮ! ሳውል በደማስቆ ምኩራቦች መስበክ የጀመረው 9፥20 ላይ ነው፤ እጅ የተጫነበት 13፥3 ላይ። በመካከሉ ያለው ስብከት ሥልጣን አልነበረውም ልትል ነው? ራሱም በገላትያ 1፥1 ሐዋርያነቱ ከሰውም በሰውም እንዳልሆነ ጽፏል።

ዘአንጾኪያ፦ እኅቴ፣ ሐናንያ እጁን የጫነበትን 9፥17ን አንቺም ዘለልሽው። ደግሞ በግሪኩ 8፥4 ላይ ያለው ግስ «የምሥራች መናገር» ነው፤ ፊልጶስ ጋ፣ 8፥5 ላይ፣ ነው እንደ አዋጅ ነጋሪ «ማወጅ» የሚለው። አማርኛችን ሁለቱንም «ሰበከ» ስላለው ልዩነቱ ጠፋ። ምእመን ያወራል፣ የተሾመ ያውጃል።

ቀለም ቀንድ፦ ይሄ ክፍፍል ብዙ አያስኬድም። ለፊልጶስም በ8፥12፣ በ8፥35 እና በ8፥40 ያው ለተበተኑት የተሰጠው ግስ ነው የተነገረው። ሉቃስ ቃላቱን እያፈራረቀ ነው የሚጠቀምባቸው። ፊልጶስ ደግሞ 6፥6 ላይ እጅ የተጫነበት ለማዕድ አገልግሎት ነበር። ክርክርህን በሌላ አስደግፈው።

ዘአንጾኪያ፦ እሺ፣ ግሱን ተውኩት። ሮሜ 10 ግን ቆሟል።

ቤርያዊት፦ እኔም እቀበለዋለሁ። የምጠይቀው መላኩ በምን ይታወቃል ነው። ኤርምያስ 28ን ተመልከቱ። ሐናንያ (የደማስቆው አይደለም፣ ነቢዩ) በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት የቤተ መቅደሱ ዕቃ ይመለሳል አለ። መድረኩም ሰሚውም የእሱ ነበር። በኤርምያስ በኩል የመጣው ዘመን ግን 70 ነው (29፥10)። ኤርምያስን መትቶ በግንድ ያሰረው ጳስኮርም ካህን ነበር (20፥1-2)። በሹመት ብንፈርድ ኖሮ ያልተላከው ኤርምያስ በሆነ ነበር።

ቀለም ቀንድ፦ በጣም የምወደው ቦታ ነው፣ ጥቂት ልቆይበት። የዛሬ ሰባኪ ከኤርምያስ 29 የሚያነበው ቁጥር 11ን ብቻ ነው፤ የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ቢወጣ 70 ዓመት የሚለውን ያገኛል። ምዕራፉ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ነው፤ ከሰሙት መካከል 40 ዓመት የሞላው ሰው መመለሱን በዓይኑ አያይም ማለት ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ (29፥5-6) የተባሉትም ለዚህ ነው። ሌላ አንድ ቁጥር ቢወጣ ደግሞ «እኔም አልላክኋቸውም» የሚለውን ያገኛል። ያልተላኩትን የሚከሰውን ቁጥር ዘሎ፣ 70ውን ዘሎ፣ 11ኛውን «በዚህ ዓመት ይከፈትልሃል» ለማለት የሚያውለው ሰው የሐናንያን ስብከት በኤርምያስ ቃል እየሰበከ ነው። የእጅ መጫን ወረቀቱ ሙሉ ቢሆንም።

ዘአንጾኪያ፦ በዚህ አልከራከርህም። ገላትያ 1፥8 መልአክም ቢሆን የተለየ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ይላል። ግን ይህን መርምሮ የሚያስቆመው ማን ነው? ላኪ የሌለውን ማን ይጠራዋል? «ዲዳኬ» የሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት (ዲድስቅልያ አይደለም) ምዕራፍ 11 ላይ፣ ተጓዥ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ይቆይ፤ ሦስት ከቆየ ሐሰተኛ ነው፤ ሲሄድ እንጀራ እንጂ ሌላ አይውሰድ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው ይላል። መመዘኛውን የያዘው ተቀባዩ ጉባኤ ነው።

ቤርያዊት፦ ተቀባዩ ካልክ ወደኔ መጣህ።

አወያይ፦ ወደ ግቡ እንምጣ።

ቀለም ቀንድ፦ ማቴዎስ 28፥19-20ን በሰዋስው ዓይን እዩት። «እያጠመቃችኋቸው» እና «እያስተማራችኋቸው» ደጋፊ ናቸው፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» ነው። ስለዚህ ስንት ሰው እጁን አነሣ የሚለው ቆጠራ መነሻ እንጂ ግብ አይደለም። የጴጥሮስን የበዓለ ሃምሳ ስብከት ደግሞ ቁጠሩት፤ ሐዋርያት ሥራ 2፥14-36፣ 23 ቁጥር። 11ዱ የኢዩኤልና የመዝሙር ጥቅስ የያዙ ናቸው። «ወደፊት ኑ» የሚል ጥሪ በውስጡ የለም። «ምን እናድርግ?» ብለው የጠየቁት ሰሚዎቹ ናቸው፣ ቁጥር 37። ንስሐና ጥምቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰባኪ ይህን ይገለብጠዋል፤ ጥሪውን 20 ደቂቃ፣ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ ሁለት ደቂቃ። ሰውየው ለምን እንደሚመለስ ሳያውቅ ይመለሳል፤ በወሩ ይጠፋል።

ቤርያዊት፦ ጥቅስ ብዛት ግን ሕግ አይደለም። ጳውሎስ በአቴና (17፥22-31) ከመጻሕፍት አንድም በስም አልጠቀሰም፤ የራሳቸውን ባለቅኔዎች ነው የጠቀሰው። በጲስድያ አንጾኪያ ምኩራብ (13፥33-41) ግን መዝሙር፣ ኢሳይያስና ዕንባቆም ደረደረ። ሰሚው ሲለያይ መግቢያው ተለየ። ሁለቱም ጋ ያልተለወጠው ትንሣኤው ነው።

ዘአንጾኪያ፦ ለጀማሪ የምሰጠው ፈተና ይህ ነው። ክፍሉን ከነምዕራፉ ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ያንብብ። ማን ለማን እንደተናገረ በአንድ መስመር ይጻፍ። ከዚያ ስብከቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረን። ዓረፍተ ነገሩ ከክፍሉ ማሰሪያ አንቀጽ ጋር ካልገጠመ መድረክ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ክርስቶስ ባይሞትና ባይነሣም ይኸው ስብከት ይቆም ነበር ወይ ብለን እንጠይቀዋለን። ይቆማል ካለ፣ ምክር ነው እንጂ ወንጌል አይደለም። ሰዓቱንም ይወቅ፤ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስረዝም አውጤኪስ ከሦስተኛ ደርብ ወድቋል (ሐዋርያት ሥራ 20፥9)።

ቤርያዊት፦ ፈተናው ጥሩ ነው፤ ቦታው ላይ ነው ጥያቄዬ። አጵሎስ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ እያወቀ በምኩራብ ገልጦ ይናገር ነበር (18፥25-26)። ጵርስቅላና አቂላ ዝም አላሰኙትም፤ ወስደው አስረዱት። ወንድሞች የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉለት ቁጥር 27 ላይ ነው። መጀመሪያ ተናገረ፣ ከዚያ ታረመ፣ ከዚያ ደብዳቤ።

ዘአንጾኪያ፦ ቅደም ተከተሉን አልክድም። ግን ደብዳቤው የመጣው እሱ ለመታረም ፈቃደኛ ስለሆነ ነው። «ማንም አልላከኝም፣ ስለዚህ ማንም አያርመኝም» የሚለውን በየትኛው ቁጥር እንመልሰው?

ቤርያዊት፦ በአንተው በገላትያ 1፥8። እንዲያርሙ የተጻፈውም ለሾሙት ብቻ አይደለም፤ ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ነው (1፥2)።